በአባባ አክሲዮን ጀርባ ላይ ያለው ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ልጆቹ ትምህርቱን ለመዱት? ብርዱ ቀለል አለላችሁ? እኛ ደህና ነን። አባባ ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውም ቢሆን ደረጃ ካላየ ዝም ይላል። እኔም ደህና ነኝ፣ ሱቁም ደህና ነው። ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ወግ ስለሆነ ነው እንጂ ያንተን ደህና መሆን ከላክኸው ወረቀት ለይቼዋለሁ። የታመመ ሰው እንደዚያ ያለ ብልሃት አያስብም።

ደብዳቤህ ጥር 28 ቀን ደረሰን። ፖስታው ወፈር ያለ ስለነበር አባባ የልጆቹን ፎቶ የላክህላቸው መስሏቸው መነጽራቸውን ጠርገው ጠበቁ። ከውስጡ የወጣው የውክልና ፎርም ነው። ቦታው ሁሉ ተሞልቷል፤ የቀረው የአባባ ፊርማ ብቻ ነው። የት እንደሚፈርሙ እንኳ በእርሳስ ምልክት አድርገህላቸዋል። አሳቢነትህ አይጥፋ።

የጻፍኸውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ለተወረሰው ባንክ ባለአክሲዮኖች ካሳ ሊከፈል ይችላል የሚለው ወሬ አንተም ዘንድ እንደደረሰ፣ አክሲዮኑ በአባባ ስም ይሁን እንጂ መጀመሪያ ያንተ እንደነበረ፣ ለአባባ በቤተሰብ ዋጋ እንደለቀቅህላቸው፣ አሁን ጉዳዩን የባንክ ሥራ የሚያውቅ ሰው ቢይዘው እንደሚሻል፣ ካሳው ባንተ ሒሳብ ገብቶ የአባባን «ድርሻ» እንደምትልክ። ከታች ደግሞ ለእኔ፣ «አንቺ ቀለምሽን ሽጪ፤ የዚህን ነገር ውስጠ ወይራ አታውቂውም» ብለሃል።

ቀለሜንማ እየሸጥኩ ነው። ግን ቀለም ሻጭ አንድ ነገር ታውቃለች። ሰው ያለ ወቅቱ ተጣድፎ ግድግዳ ካስቀባ፣ ከሥሩ እድፍ አለ።

ነገርን በተራው መጻፍ ልማዴ እንደሆነ ታውቃለህ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ማታ ማታ የዋልኩበትን ስጽፍ «ጸሐፊዋ ተቀመጠች» እያልክ ስትስቅብኝ ኖረሃል። ስለዚህ ቀኑን እያየሁ በተራው ልጻፍልህ። የምታውቀውን ዝለለው፤ የማታውቀው በስተመጨረሻው ነው።

ያኔ አንተ የባንኩ ብድር ክፍል ኃላፊ ነበርክ። አባባ ጡረታ ወጥተው የአውቶቡሱ ድርጅት ሲሸኛቸው የሰጣቸውን ገንዘብ ይዘው፣ አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ገዝተው ሊያሠሩ ዋጋ ሲያጠያይቁ ነበር። ከዚያ በድንገት የሚኒባሱ ወሬ ቀረ። ባንኩ ከተወረሰ በሳምንቱ ደግሞ አንድ የአክሲዮን ሰርተፊኬት በፍሬም ተደርጎ ሳሎን ውስጥ ከእማዬ ፎቶ ጎን ተሰቀለ። ባለወርቃማ ጠርዝ ነው፣ መስታወቱም ወፍራም። ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ መጣ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ «እንግዲህ ሊቀመንበር ሆኑ» አላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስማቸው ጠፍቶ «ሊቀመንበሩ» ሆነው ቀሩ። ባንኩ ቢወረስም ስሙ አልተወረሰባቸውም።

እኔ አፍሬ ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ። እንዴት ሰው ወረቀት እንደ ሙሽራ ፎቶ ይሰቅላል ብዬ። አንድ ቀን «አባባ፣ እባክዎ ከዚህ ግድግዳ እናውርደው፣ ሰው ይስቅብናል» ብላቸው፣ «ይሳቅ። ሳቅ አያደማም» አሉኝ። ይህንንም ያኔውኑ ጽፌው ነበር። ለምን እንደጻፍኩት አላወቅሁም።

ካሳ ሊኖር ይችላል የሚል ማስታወቂያ ከወጣ ጀምሮ በየማክሰኞው ባለአክሲዮኖቹ፣ እኔም በአባባ ፋንታ፣ በቀድሞው ባንክ የጎን ደረጃ ላይ እንሰበሰባለን። «ካሳ ሊከፈል የሚችልበት ሁኔታ እየተጠና ስለሆነ ባለአክሲዮኖች እስከ የካቲት 15 እንዲመዘገቡ» ይላል ማስታወቂያው። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ቆመው አነበቡትና «እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር ተማሪ ቢያመጣልኝ በቀይ እሰርዘው ነበር፤ ሦስት መሸሻ በር አለው» አሉ። ስም ጠሪያችን እሳቸው ናቸው። ደብተር ይዘው በመጣንበት ተራ ይጠራሉ፤ ሁለት ማክሰኞ የቀረ ስሙ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ የሰፈራችን ሥጋ ሻጭ አለ፤ ሁልጊዜ የራሱን በርጩማ ይዞ ይመጣል። «ሥጋውን በልተው ሲያበቁ ስለ ቆዳው ኮሚቴ አቋቋሙ» ይላል። ዘበኛው በሩን በከፈተ ቁጥር ደግሞ «ተነሡ፣ ከበሬ የታለበ ወተት መጣ!» ብሎ ሁላችንንም ያስነሣናል።

እንዲህ እየሳቅን ነው የምንውለው። ግን በዚያ ደረጃ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አንድ ነገር አጥቷል። መምህርቷ ለዓይናቸው ማሳከሚያ ያስቀመጡትን ነው ያጡት። ሥጋ ሻጩ ከሁለት ሱቅ አንዱን። ባንኩ የተወረሰ ዕለት ሁላችንም እኩል አልሰማንም፤ አንዳንዱ ከሬዲዮ ሰማ፣ አንዳንዱ ከጎረቤት። ቀድሞ የሰማ ሰው ቢኖር ደረጃው ላይ አይቀመጥም ነበር ማለት ነው። ይህን ያሉት መምህርቷ ናቸው።

መዝጋቢው ፎቶኮፒ አልቀበልም አለን። ዋናውን፣ ያውም ፊቱንም ጀርባውንም እያየ ነው ማኅተም የሚያደርገው። እቤት ተመልሼ ፍሬሙ መከፈት አለበት ስላቸው አባባ ልክ ጥርስ ሊነቀሉ የተባሉ ይመስል ፊታቸው ተለወጠ። ፍሬሙ ይሰበራል አሉ። መስታወቱ ውድ ነው አሉ። ደግሞ ይህ ካሳ የሚሉት ነገር የሕልም እንጀራ ነው፣ ለምን እንደክማለን አሉ። ሁለት ማክሰኞ እንዲህ አባከኑብኝ። ያንተ ፎርም በመካከል መጣ። ያን ቀን ጭራሽ፣ «ለወንድምሽ እንፈርምለትና እሱ ይጨነቅበት» ሲሉ ሰማኋቸው። ልብ በል፣ እጃቸው ብዕር ይዞ ነበር። ብዕሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ። እስከ ማክሰኞ ይቆየን አልኳቸው።

የካቲት 9 ቀን አባባ ፀጉራቸውን ሊቆረጡ ሲወጡ ፍሬሙን አውርጄ ወደ ሠራው ሰው ወሰድኩት። አናጺውን ታስታውሰዋለህ፣ ከሱቄ በስተጀርባ ነው፤ ጣውላውን ሁሉ በእኔ ቫርኒሽ ነው የሚቀባው። ገልብጦ አየውና ሳቀ። «ይሄንን እኔ አልከፍትም፤ ሊቀመንበሩ ይገድሉኛል» አለኝ። ለምን ስለው፣ ሲያሠሩ አጠገቡ ቆመው ካርቶን አራት እጥፍ አስደርበው፣ በሙጫ አስለጥፈው፣ ዙሪያውን በምስማር አስመትተው እንደነበር ነገረኝ። «ሰው ፍሬም የሚያሠራው ፊቱን ለማሳየት ነው። አባትሽ ግን ስለ ፊቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጨቅጭቀው የገደሉኝ ስለ ጀርባው ነው» አለ።

ከሱቅ ስፓቱላ አምጥቼ ራሴ ከፈትኩት። ምስማሩን አንድ በአንድ ነቀልኩ፣ ካርቶኑን ላጥኩ። ወረቀቱ ተገለበጠ። በጀርባው የዝውውር ሠንጠረዥ አለ። አስተላላፊ፦ ያንተ ስም፣ ያንተ ፊርማ፤ ያቺ ጭራዋን እንደ ጊንጥ የምትቀስረው ፊርማህ። ተቀባይ፦ አባባ። ቀን፦ ኅዳር 3።

ባንኩ የተወረሰው ኅዳር 14 ነው።

እዚያው የአናጺው መጋዝ ብናኝ ላይ ተቀምጬ አሥራ አንዱን ቀን በጣቴ ቆጠርኩ። ከዚያ ሱቅ ገብቼ የዚያን ዓመት ማስታወሻዬን አወጣሁ። ኅዳር 3 እንዲህ ጽፌያለሁ፦ «ወንድም ጋሼ በሥራ ሰዓት መጣ። አባባ አዲሱን ሸሚዝ ለብሰው አብረው ወጡ። ወዴት ናችሁ ብላቸው ወንድም ጋሼ ‹አየር ልንቀበል› አለ። አየር ለመቀበል መነጽር ለምን እንዳስፈለጋቸው አልገባኝም።» ኅዳር 8፦ «ወንድም ጋሼን ሸኘን። የሦስት ወር ሥልጠና ነው አለ። ለሦስት ወር ሥልጠና የክረምቱንም የበጋውንም ልብስ ይዞ ሄደ።» ኅዳር 14፦ «ባንኩ ተወረሰ። አባባ ሬዲዮውን ዘግተው ወደ ጓሮ ወጡ። ምሳ አልበሉም።»

አየህ፣ ሁሉም ተጽፎ ነበር። እንደ ሞኝ ጽፌው፣ እንደ ሞኝ ዘግቼው ኖርኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ እኛ ዳዋዎቹ ደግሞ አይጡን ኤርፖርት ድረስ ሻንጣውን ተሸክመን ሸኘነው።

ባንኩ ውስጥ ሆነህ ሊወረስ መሆኑን ሰማህ። መስማትህ ጥፋት አይደለም። አክሲዮንህን መሸጥህም፣ እኔም ነጋዴ ነኝና፣ ለማታውቀው ሰው ቢሆን ኖሮ ጎበዝ ብዬህ ዝም እል ነበር። ግን ሊወረስ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጥያቄ የማይጠይቅህ፣ ደረሰኝ የማያገላብጥ፣ ዋጋ የማይከራከርህ ገዢ ፈልገህ ያገኘኸው አባትህን ነው። እኔ ያደረ ቀለም ለጎረቤት አልሸጥም። አንተ የሞተ አክሲዮን ለገዛ አባትህ ሸጥክ። አሁን ደግሞ ወረቀቱ ትንሽ ሲተነፍስ «መጀመሪያ የእኔ ነበር» ትላለህ። ያሳፍራል ለማለት እንኳ ቃሉ አነሰኝ።

አባባ ፀጉራቸውን ተቆርጠው ሲመለሱ ወረቀቱ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሊወድቁ ይሆናል ብዬ ወንበር ስቤ ጠበቅሁ። አልወደቁም። ወረቀቱን አላዩትም እንኳ፤ ያዩት እኔን ነው። «አናጺው ነገረሽ ወይስ ራስሽ ከፈትሽው?» አሉ። ራሴ አልኳቸው። ተቀመጡና እንዲህ አሉኝ፤ ቃል በቃል ነው የጻፍኩት፦ «ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነዳሁ። ወደፊት ያየሁትን ያህል በመስታወት ወደኋላ አይቻለሁ። ባንኩ የተወረሰ ዕለት ወረቀቱን ይዤ ጓሮ ወጣሁና ገለበጥኩት። ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ቀን። አንቺ ካየሽው ወንድምሽን እንደማትምሪው አውቃለሁ። ሰው ካየው ደግሞ ልጄ ሌባ ይባላል። መሳቢያ ውስጥ ብከተው አንድ ቀን ትከፍቺዋለሽ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ግን ማን ይገለብጣል?»

ገባህ ወንድሜ? ፍሬሙ ጉራ አልነበረም። ሁለት ዓመት ከምናምን ሙሉ ሰፈሩ «ሊቀመንበር» እያለ ሲስቅባቸው፣ እኔም አብሬ ስሽኮረመም፣ እሳቸው ያንተን ፊርማ ከግድግዳ ጋር አፋጥጠው እየጠበቁት ነበር። ያን ቀን ስላንተ ያልኩትን እዚህ አልደግመውም፤ ልጆችህ ማንበብ ችለዋል ብለሃል።

ሲያበቃ አባባ ያንተን ፎርም አምጪ አሉኝ። ብዕርም አሉኝ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሊፈርሙልህ ነው ብዬ ደሜ ፈላ፤ ግን አባት ናቸው፣ ሰጠኋቸው። በእርሳስ ምልክት ካደረግህበት ቦታ አልፈረሙም። ፎርሙን ገለበጡና በባዶው በኩል አንድ መስመር ጻፉ። ጻፉና አጥፈው፣ «ሳታነቢው ላኪለት» አሉኝ። ነጋዴ ግን ያላየውን ዕቃ አይልክም። አነበብኩት።

ማክሰኞ የካቲት 14 ቀን፣ መዝገቡ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አብረን ሄድን። መምህርቷ ስማቸውን ጠሩ። ሥጋ ሻጩ በርጩማውን አንሥቶ ደረጃውን ሲወጡ ደገፋቸው። «ሊቀመንበር ይለፉ፣ ስብሰባው ሊከፈት ነው» እያለ። መዝጋቢው ወረቀቱን ፊቱን አየ፣ ገለበጠ፣ ጀርባውን አየ። ቀና አለ። «ከማን ነው የተዛወረልዎት?» አላቸው። «ከልጄ» አሉ። «ልጅዎ የት ነው?» ሲላቸው አባባ ምን እንዳሉ ታውቃለህ? «ሥልጠና ላይ ነው» አሉ። መዝጋቢው ቀኑን እንደገና አየ፣ አባባን አየ፣ ማኅተሙን አደረገ። ሥጋ ሻጩ በትከሻቸው በኩል አንገቱን አስግጎ ነበርና ቀኑን አንብቧል። ያ ለአፉ ለከት የሌለው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። በርጩማውን ለአባባ ሰጥቶ እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሊቀመንበር ብሎ አልጠራቸውም። አባባም ይህ የገባቸው ይመስለኛል።

እንግዲህ ውሳኔው ይህ ነው። ውክልና የለም። ካሳው ቢመጣ በአባባ ስም ይመጣል፣ በአባባ እጅ ይገባል፤ ሚኒባስ ቢገዙበት፣ ቢያስቀምጡት፣ ለእርግብ ቢበትኑትም የራሳቸው ጉዳይ ነው። ባይመጣም አይምጣ፣ ያለ እሱ ኖረናል። አንተ ስለ ባንክ ለአባባ ሁለተኛ እንዳትጽፍ። ጠበቃ ብታስነሣ፣ እኔ ዘንድ ሦስት ቀን የተጻፈበት ማስታወሻ አለ፤ አባባ ይሸፍኑህ ይሆናል እንጂ እኔ ፍሬም አልሠራልህም።

ሰርተፊኬቱን መዝጋቢው አስቀርቶ ደረሰኝ ሰጥቶናል። ፍሬሙ ባዶውን አናጺው ዘንድ ነው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለበት ቦታ ሳይደበዝዝ ቀርቶ እንደ መስኮት አራት ማዕዘኑ ይታያል። ቀለሙን አውቀዋለሁ፣ ከሱቅ አምጥቼ በግማሽ ቀን ላመሳስለው እችላለሁ አልኳቸው። «ተይው» አሉኝ። ተውኩት።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ እሷ ምን ያህል እንደምታውቅ ስለማላውቅ ከእሷ ጋር ጠብ የለኝም። ትልቁን ልጅህን ሳምልኝ፤ አያቱ የአውቶቡስ ሥዕሉን በር ላይ ለጥፈውለታል። ትንሿንም ሳምልኝ፣ ጥርሷ ወጣ ወይ ብለው በየቀኑ ይጠይቃሉ፤ የሚመልስላቸው የለም፣ ስልክ ደውልና አንተ መልስላቸው። አናጺውም ፀጉር አስተካካዩም ሰላም ብለውሃል፤ የማያውቁትን ነገር ስለማያውቁ።

አባባ ሰላምታቸውን ራሳቸው ጽፈውልሃል። ፎርሙ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፣ ገልብጠው። እኔ በጻፉት አልስማማም፤ እኔ ብሆን አልጽፍልህም፣ አክሲዮኑንም አልገዛልህም ነበር። ግን እዚያ ሆነህ ምን አጥቼ ይሆን እያልክ እንዳትኖር ሳይሆን፣ ያጣኸውን አውቀኸው እንድትኖር ብዬ ልኬዋለሁ። የእጅ ጽሑፋቸውን ማንበብ ቢያቅትህ፣ የሚለው ይህ ነው፦ «ልጄ፣ እንደሚወረስ ብትነግረኝም እገዛልህ ነበር።»

ታናሽ እህትህ

ከአባባ ሳሎን፣ ባዶው ግድግዳ ሥር
የካቲት 17 ቀን